«ዝም በሉ!» ብዬ ከጮህኩ በኋላ ተመልሼ ልሂድ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጀምሮ የምወደው አንድ ዘፋኝ አለ። ያን ያህል ዝነኛ አይደለም። በሙሉ ባንድ ሲዘፍን ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ባለፈው ወር ቦሌ አካባቢ አንድ ባር ውስጥ በጊታር ብቻ፣ ከአንድ ክራር ተጫዋች ጋር እንደሚዘፍን ሰማሁ። ጓደኞቼን ብለምን ብለምን የሚመጣ ጠፋ። ብቻዬን ሄድኩ። ብቻዬን ባር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ። ከፍዬ ገባሁና ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ልደት የሚያከብሩ ስምንት ያህል ሰዎች ነበሩ። ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ሦስት ዘፈን ታገስኩ። አራተኛው ስጠብቀው የነበረው ነው። እናቴ በታመመችበት ዓመት ሌሊት ሌሊት በጆሮዬ ሰክቼ የማዳምጠው እሱን ነበር። መሃሉ ላይ ጊታሩ ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ልክ እዚያ ሲደርስ አንዷ ከት ብላ ሳቀች። ዞሬ «እባካችሁ ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በሙሉ ሰማ። ዘፋኙ ቆመ። ከልደተኞቹ አንዱ «ከፍለን ነው የገባነው፣ ዝምታ ከፈለግሽ ቤትሽ ስሚ» አለኝ። ሰው ሳቀ። ሼም ያዘኝ። ሂሳቤን ጠረጴዛ ላይ ትቼ እያለቀስኩ ወጣሁ። ዘፈኑን ይጨርሰው አይጨርሰው አላውቅም። ጓደኞቼ «አካበድሽ፤ ቀድሞ ነገር ብቻሽን ባር ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይሉኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ እዚያው ቤት ተመልሶ እንደሚዘፍን አየሁ። ልሂድ? ይቅርታ ብዬስ ልጻፍለት? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?

ግማሽ ዘፈን የቀረባት፣ ከአዲስ አበባ

ሂጂ፣ እህቴ። መልሱን ያስቀደምኩት፣ ሌላው ሳይነበብ ቢቀር እንኳ ይህቺ ቃል እንድትደርስሽ ብዬ ነው።

እናትሽ ግን እንዴት ናቸው? ታመው እንደነበር ጽፈሽ ዘለልሽው። ድነው ከሆነ እሰየው፣ ጤናውን ያዝልቅላቸው። ካልሆነም እግዚአብሔር ያጽናሽ። የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ነው። ያ ጊታሩ ዝም የሚልበት ቦታ ላንቺ የእናትሽ አልጋ ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ ሰው ከት ብሎ ሲስቅ ሆድሽ ቢላወስ አይገርመኝም። የሳቀችው ልጅ ይህን ልታውቅ አትችልም። አንቺም በዚያች ቅጽበት ቆጥበሽ ልትናገሪ አልቻልሽም።

ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ወይ ላልሽው፣ ጥቂቱ ያንቺ ነው። ዝምታ መፈለግሽ ጥፋት የለውም። የተናገርሽበት ጊዜና የድምፅሽ መጠን ነው የተበላሸው። ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ግን ለቤቱ ነው። «ዛሬ በጊታርና በክራር ብቻ» ብሎ ያስተዋወቀ ቤት የስምንት ሰው ልደት ከመድረኩ ሥር አያስቀምጥም። እኔ ወጣት ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል አንድ የሙዚቃ ቤት በር ላይ ትኬት ቆርጫለሁ። ሰው ደውሎ «ልደት አለን፣ ቦታ ያዙልን» ሲል ኃላፊያችን መጀመሪያ የሚጠይቀው «የዚያን ቀን ማነው የሚጫወተው?» ብሎ ነበር። ሙሉ ባንድ ከሆነ የትም ይቀመጡ፣ ድራሙ ይሸፍናቸዋል። ብቻውን ጊታር የሚጫወት ሰው ከሆነ ግን በረንዳ ላይ፣ ወይ ከባንኮኒው ወዲያ ጥግ፣ ካልሆነም ሌላ ቀን። በዚህች አንዲት ጥያቄ ስንት ጠብ ቀርቷል።

ያን ቤት ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ማታ አለ። ነሐሴ ነበር፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አንድ ልጅ እግር ጊታር ተጫዋች ይዘፍናል። ቤቱ ሞልቷል፤ የሚሰማው ግን የለም። ጃምቦ ይጋጫል፣ አንዱ ስለ ኳስ ይከራከራል። ልጁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እነሱም ከፍ ያደርጋሉ። ድንገት መብራት ሄደ። ሁሉም «ኧረ!» አለ። ከዚያ ጸጥ። አስተናጋጇ ሻማ ሻይ ሳህን ላይ አቁማ አመጣች። ልጁ ማይኩን ትቶ ከመድረክ ወረደ። ጠረጴዛዎቹ መሃል የቢራ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ካቆመበት ቀጠለ።

ከሁለት ክንድ አልርቅም ነበር። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሲጥ የምትል ድምፅ አለች፣ እሷ ትሰማኛለች። ከመዝፈኑ በፊት አየር ሲስብ ይሰማኛል። ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማኛል። ባንኮኒው ጋ የቆመ አንድ ጠና ያለ ሰውዬ በረዶው እንዳይንኳኳበት ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ በረዶውን ይዞታል። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው እሱ ሰውዬ ነው። ሁለት ዘፈን እንዳለቀ ጓሮ ያለው ጀነሬተር ተነሳ። ቤቱ በአንድ አፍ «አጥፉት!» አለ። አጠፉት።

ልብ በይ፣ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። እነዚያው ስለ ኳስ ሲጯጯሁ የነበሩት ሰዎች ናቸው ጭጭ ያሉት።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም ነበር። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ያስተዋለ ሰው ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ጻፈበት፣ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ባር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። አንዱ ጠረጴዛ ትንሽ ጮክ ይላል። ጎረቤቱ እንዲደማመጥ ትንሽ ይጨምራል። የድምፅ ባለሙያው ዘፋኙን ከፍ ያደርገዋል። ሁሉም እንደገና ይጨምራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማንም ሳያስበው ሁሉም ይጮሃል። ክፉ ሰው አያስፈልገውም ይህ። ወደ ኋላ የሚመለሰውም በዚያው መንገድ ነው፦ አንድ ነገር ዝቅ ሲል ሌላው ተከትሎ ዝቅ ይላል። በዚያ ማታ ዝቅ ያደረገን መብራት ኃይል ነው።

የድምፅ ባለሙያውም ወሬውን በስፒከር ሊደፍነው አይችልም። በሙሉ ባንድ ይችላል። ያለ ባንድ በሚሠራ ጊታር ግን ገደብ አለበት። የጊታሩ ሆድ ባዶ ነው፣ ድምፁ የሚያምረውም ለዚያ ነው። ስፒከሩን ከልክ በላይ ከፍ ካደረግሽው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ እዚያው ባዶ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና በስፒከር ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ያ ጆሮ የሚሰነጥቀው ፉጨትና ጉምጉምታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ባለሙያው እጁ ታስሯል። እንዲህ ያለ ምሽት የሚያምረው ሰሚው ሲያግዝ ብቻ ነው። በዚህ ያንቺ ጆሮ አልተሳሳተም።

ለልደተኞቹም ግን ልፈርድላቸው ይገባል። «ከፍለን ነው የገባነው» የሚለው መልስ ጨዋ አይደለም፣ አንቺም ከፍለሽ ነው የገባሽው። ይሁንና ሰዎቹ ያደጉበትን አስቢ። እኛ አገር ትንሽ ቤት፣ መጠጥና ሙዚቃ አንድ ላይ ሲሆኑ ዝምታ የተለመደ አይደለም። ካዛንቺስ ሳይፈርስ አዝማሪ ቤት ገብተሽ ታውቂ ይሆናል። እዚያ ዝም ያለ እንግዳ ነው ነውረኛው። አዝማሪው አንድ ክር ባላት ማሲንቆ እየዞረ እያንዳንዱን ሰው በግጥም ይነካል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አስናቀች ወርቁም በክራሯ እንዲሁ ነበረች። ሰሚዋን በግጥም ነካ እያደረገች የምትጫወት ሰው ናት። በዚህ ባህል ሰሚው የዘፈኑ ግማሽ ነው፣ የሚያወጣው ድምፅም ተፈልጎ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የአዝማሪ ቤት ጫጫታ ወደ ሙዚቃው የሚሄድ ነው። «ተቀበል» የሚለው ሰው ከሁሉም አስበልጦ እየሰማ ነው፤ ካልሰማ ቤት የሚመታ ግጥም አይመጣለትም። የልደቱ ጠረጴዛ ወሬ ግን በዘፋኙ ራስ ላይ አልፎ የሚሄድ ነበር። እሱ ባይኖርም ያው ነበሩ። ያናደደሽ ይህ ይመስለኛል፤ ልክ ነሽ። እነሱ ደግሞ ወደ ልደት ቤት እንጂ ወደ ሙዚቃ ቤት እንደመጡ የነገራቸው የለም። ልደተኛዋንም አስቢያት እስቲ። ኬኳ ሳይቆረስ አንዲት የማታውቃት ሴት ጮኸችባት፤ ጮኻባት ደግሞ እያለቀሰች ወጣች። ያቺም ልጅ ምሽቷ ተበላሽቶባታል።

አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ ብሉበርድ ካፌ የሚባል ቤት አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ 90 ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ቤት ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲዎች መሃል ላይ ክብ ሠርተው በጊታር ይጫወታሉ። የቤቱ ደንብ «እሽሽ!» ነው። ገና ስትገቢ ይነገርሻል፤ ሳትገቢ የምታውቂው ነው። ሰው አይከፋበትም፤ ደንቡ የቤቱ እንጂ የጎረቤት ጠረጴዛ አይደለማ። ለዚያ ለቦሌው ቤት ኃላፊ ብትደውዪለት ይህን ብትነግሪው ደስ ይለኛል። በየጠረጴዛው ላይ አንድ ትንሽ ወረቀት፦ «ዛሬ ያለ ባንድ ነው፣ ዘፈን ሲጀመር ጨዋታችንን ዝቅ እናድርግ።» ወጪው የአንድ ቢራ አይሞላም።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ።

ዛሬውኑ ደውዪና ቦታ አስይዢ። ስትደውዪ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «ዘፈኑ በትክክል ስንት ሰዓት ይጀመራል?» እና «የዚያን ቀን የተያዘ ትልቅ ጠረጴዛ አለ?» አለ ካሉሽ «እባካችሁ ከእሱ ራቅ አድርጉኝ» በያቸው። ይህን የጠየቀ ሰው ሙዚቃ ሊሰማ እንደሚመጣ ይገባቸዋል፣ ያስቡበታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ካሉሽ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ። ምሽት ሲገፋ መጠጡም ወሬውም ይበረታል፤ ለጆሮ የሚሆነው የመጀመሪያው ዙር ነው። ከመድረኩ እግር ሥር አትቀመጪ። ቅርብ መሆን ያጓጓል፣ ግን ስፒከሮቹ ወደ ፊት ስለሚጮሁ እዚያ ያለ ሰው ድምፁን አጓጉል ነው የሚሰማው። ከባንኮኒውም ራቂ፤ የቡና ማሽኑና የጁስ መፍጫው እዚያ ነው ያሉት። የድምፅ ባለሙያው ድምፅ የሚያስተካክልበት ሚክሰር ያለበትን ፈልጊና ከእሱ ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ያዢ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው ለገዛ ጆሮው ነው፤ እሱ ጋ የሚያምረው አንቺም ጋ ያምራል። ደግሞ እዚያ ማንም ከኋላሽ አይሆንም ማለት ይቻላል። ለአንቺ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጫጫታ ቢኖርስ? ይኖራል። ባር ነው። መጀመሪያ ለአስተናጋጁ ንገሪው፣ ሥራው ነው። ራስሽ መናገር ካለብሽ ግን ዘፈን መሃል በጭራሽ እንዳትናገሪ። ዘፈኑ አልቆ ሲጨበጨብ ተነሺ። ወደ ጠረጴዛው ሄደሽ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ በዝግታ ተናገሪ። ስትመርጪም በጣም የሚጮኸውን አትምረጪ፣ ጠርዝ ላይ ረጋ ብላ የተቀመጠችውን ምረጪ። «እንኳን አደረሳችሁ። የሚቀጥለውን ዘፈን በጣም ስጠብቀው ነበር፣ ለእሱ ብቻ ትንሽ ዝቅ ትሉልኛላችሁ?» በያት። አንድ ዘፈን ነው የጠየቅሻት፣ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። ሰው አንድ ዘፈን አይከለክልሽም። ብዙ ጊዜ ከአንዱ በኋላ ራሳቸው መስማት ይጀምራሉ። በር ላይ በቆምኩባቸው ሁለት ዓመታት ይህን በዓይኔ ያየሁት ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ነው።

እንዲዘፍንልሽ የምትፈልጊው ካለ ስሙን ከወንበርሽ ሆነሽ አትጥሪ። ሶፍት ላይ ጽፈሽ በአስተናጋጁ ላኪ። መሸለም ካማረሽም ግንባሩ ላይ ብር መለጠፍ ለሠርግና ለአዝማሪ ቤት ያምራል። ሁለት እጁ ጊታር ላይ ያለ ሰው ግን ሲጨንቀው አይቻለሁ። ዘፈን ሲያልቅ መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀምጪለት፣ ይበቃል።

ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው። ይህን ለምን እንደምል ልንገርሽ። እንዲህ ባለ ምሽት ዘፋኞች ገና ያላወጡትን ዘፈን ይሞክራሉ። ግጥሙ ያላለቀ፣ ዜማው ያልረጋ። ያን በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ማየት ልብ ይሰብራል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባለውም መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው ክዋኔው እንዳይቀረጽና እንዳይሰራጭ የመከልከል መብት ይሰጠዋል። አንቺ እንኳ አታደርጊውም፣ አውቃለሁ። ግን ብርሃኑም ከኋላ ያለውን ሰው ያስቸግራል። ደግሞም በስክሪን ያየሽውን ዘፈን ጆሮሽ በሙሉ አይቀበለውም።

«ብቻሽን ባር ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ መልስ አለሽ፤ ዘፈን ልሰማ። አሳፋሪ ነገር የለበትም። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት ሲነጋ የሚወጣበት ዘመን ነበር። ሰው ለሙዚቃ ብሎ ወንበር ላይ አድሯል። አንቺ ሁለት ሰዓት ብትቀመጪ ምን አለበት? ጥበቃው «ከማን ጋር ነሽ?» ሲልሽ ሳትሽኮረመሚ «ብቻዬን ነኝ፣ ቦታ አስይዣለሁ» በይው። ስምሽ ወረቀቱ ላይ ካለ ጥያቄው እዚያው ያልቃል።

እንደ ታላቅ እህት ግን ጥቂት ልጨምር። የት እንደሄድሽና ስንት ሰዓት እንደምትመለሺ አንድ ሰው ይወቅ። ጠርሙሱ ፊትሽ ይከፈት። የማታውቂው ሰው መጠጥ ከላከልሽ ለአስተናጋጁ «አመሰግናለሁ፣ መልስለት» በይው፣ ሳይከፈት። ፈገግ ማለት እንኳ አይጠበቅብሽም። ስትወጪ ራይድ ወይም ፈረስ ጥሪና መኪናው በር ላይ እስኪቆም ውስጥ ሆነሽ ጠብቂ። ሁለት ለስላሳና አንድ አምቦ ውሃ ጠጥተሽ ማደርም ይቻላል፤ ለአስተናጋጁ ግን ጉርሻ ጨምሪለት፣ አንድ ጠረጴዛ ብቻሽን ስለያዝሽ።

ይቅርታ ልጻፍለት ወይ ላልሽው፣ አትጻፊ። ረጅም መልእክት ትጽፊያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስለ እናትሽ፣ ስለ ልደተኞቹ፣ ስላለቀስሽው። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ የማያውቃትን ሰው ማጽናናት ይኖርበታል። ሐሙስ ሲጨርስ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ የሚያስገባባት ደቂቃ አለች። በዚያች ጊዜ ሰው ይቀበላል። ጠጋ ብለሽ «ባለፈው ዘፈንህን ያቋረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ያ ዘፈን እናቴን ያስታመምኩበት ነው» በይውና ተመለሺ። ከዚያ በላይ አትቁሚ። መልስ ከሰጠሽ ሰጠሽ። ካልሰጠሽም ሰምቶሻል።

ደግሞ እንደምትፈሪው ተቀይሞሻል ብዬ አላስብም። ጊታር የሚጫወት የአክስት ልጅ አለኝ። መድረክ ላይ ያለ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ጨለማ ብቻ የሚያይ ይመስልሻል እንጂ ማን እንደሚሰማና ማን እንደሚያወራ ሁሉ ያውቃል። የአክስቴ ልጅ በእያንዳንዱ ምሽት አንድ የሚሰማ ሰው ይፈልግና እስኪያልቅ ለእሱ ነው የሚጫወተው። ፊት ለፊት የተቀመጥሽው፣ ሦስት ዘፈን ሙሉ ዓይንሽን ያልነቀልሽው አንቺ ነበርሽ። ያን ማታ ዘፋኝሽ ለማን ሲጫወት እንደነበር እኔ ልገምት እችላለሁ።

እንዲህ ያሉ ቤቶች እንደ ልብ አይገኙም፣ ይህንም አትርሺ። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዛምባ የሚባል ቤት ነበረን። ጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ በተነሳው እሳት ጠፋ። ግርማ ሞገሱን ዛሬም የሚያነሱ ሰዎች አሉ። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶችም ሰፈሩ ሲፈርስ ተበተኑ። ሙዚቀኛው ግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የሚባለውን ባንድ ይዞ የነ አየለ ማሞን ማንዶሊን እንደገና ወደ መድረክ ሲያመጣ፣ ያን የድሮ ለስላሳ ድምፅ የሚሰማ ሰው ተገኘ። ሰሚ ባይኖር ኖሮ ማንዶሊኑ ሳጥኑ ውስጥ ይቀር ነበር። አንቺ አንድ ማታ አፍረሽ ብትቀሪ ያ ቦሌ ያለው ቤት በሚቀጥለው ወር ዲጄ ያመጣል። ዲጄ አይጠላም፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ያ ዘፈን ሐሙስ ላይዘፈን ይችላል። አስቀድሜ የምነግርሽ እንዳይከፋሽ ነው። ከተዘፈነ ግን ጊታሩ ዝም የሚልበት ቦታ ሲደርስ ምናልባት አንድ ሰው ያስላል፣ ምናልባት ብርጭቆ ይወድቃል። ያን ጊዜ ዓይንሽን ጨፍኚና በጆሮሽ ሰክተሽ የሰማሽባቸውን ሌሊቶች አስቢ። እነዚያን ማንም ሳቅ አያቋርጣቸውም።

አርብ ጠዋት ጻፊልኝ። በየትኛው ዘፈን እንደጀመረ፣ ክራሩም መጥቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የእናትሽንም ነገር ጨምሪልኝ።